ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ

ባስልዮስ በሩጫ ዘመኑ ብዙ ማራቶን ጀምሯል፤ አንድም አልጨረሰም። ይህን ሲናገር የሚሰማው ሰው መጀመሪያ ያዝንለታል፤ ቆይቶ ሥራው ምን እንደነበር ሲገባው ደግሞ ይስቃል። ባስልዮስ አሯሯጭ ነበር። አሯሯጭ ለሌላ ሰው ብሎ ከፊት የሚሮጥ፣ ነፋሱን የሚቀበልና ፍጥነቱን የሚጠብቅ ሯጭ ነው። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቀኝ እጁን አንሥቶ «እለፉ» ይልና ከመንገዱ ይወጣል። የሚወጣበት ቦታ ላይ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። ብርድ ልብስ ደርበውለት፣ ውኃ ሰጥተውት ወደ ሆቴሉ ይወስዱታል። አሸናፊው ሪባኑን በደረቱ ሲበጥስ ባስልዮስ ገላውን ታጥቦ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ በቴሌቪዥን ያያል።

ይህም ቢሆን ጎበዝ ነበር። አሠልጣኞች ይሻሙበት ነበር፤ ሰዓቱን ሳያይ ፍጥነቱን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝምና። ጉልበቱ ማስቸገር ሲጀምር ግን ከነሻንጣው ወደ አገሩ ወደ መንዝ ተመለሰ፤ በክረምት ተምሮም ዘመሮ ላይ የስፖርት መምህር ሆነ። አሁን ከአርባ አልፏል። ቁመናው ገና የሯጭ ነው፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ትከሻው ላይ ባና ጣል አድርጎ በከተማው ሲያልፍ ካላዩት በቀር ባለአገር መሆኑ አይታወቅም።

ነገሩ ሩጫው ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ አልቀረም። ባስልዮስ ልጅ ሳለ ራቤል አጠገብ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር፤ ትምህርቱ ከበድ ሲል ተወው። የግቢውን አጥር በሦስት ጎን አሳምሮ አጥሮ አራተኛውን ጎን «ከመኸር በኋላ» እንዳለ መኸሩ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። የጎረቤት በጎች በዚያ በኩል ገብተው ጎመኑን ይግጣሉ። እሱም በነጋ በጠባ እያባረራቸው፣ ባለቤቶቹን እየወቀሰ ይኖራል እንጂ አጥሩን አይጨርሰውም።

ሚስቱ ፀደንያ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ናት። ድምፀ መልካም ናት፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳለች መዝሙር የምታወጣው እሷ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ለሕፃናቱ ፊደል የምታስጠናው እየዘመረች ነው። ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሆና «አለህ?» ብላ የመጣራት ልማድ አላት። ምንም ፈልጋ አይደለም። ባስልዮስ ግን ሁልጊዜ «ምን ፈለግሽ?» ብሎ ይመልሳል፤ እሷም «ምንም» ትላለች፤ ቀኑ እንዲህ ይጀመራል።

የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ቆሞ። ልጃቸው ጽናት ይኸው ለአቅመ ትዳር ባትደርስም ለአቅመ ክርክር ደርሳለች። ፀደንያ ግን ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ነገር ትለምነዋለች፤ አብረው እንዲቆርቡ። በዚያ አገር ወጣት ባልና ሚስት እምብዛም አይቆርቡም። አብረው ሥጋ ወደሙ ከተቀበሉ በኋላ ፍቺ የለም፤ ሰማንያው ቢቀደድ እንኳ ቁርባኑ አይቀደድም። ስለዚህ ብዙው ሰው ጉልበቱ እስኪደክም፣ መሄጃ እስኪያጣ ያቆየዋል። የሚገርመው ይህን ማቆየት እንደ ትሕትና መቁጠራቸው ነው። ባል ያላት ሴት ደግሞ ብቻዋን አትቆርብም፤ ወይ ሁለቱም ይቀርባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

ዘንድሮ ልመናው ቀን ተቆረጠለት። ፀደንያ አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት እያደገ መዋጥ ይከለክላት ጀመር፤ ደብረ ብርሃን ያዩዋት ሐኪም ከፋሲካ በኋላ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ቀጠሯት። ብዙዎች በሰላም ይነሣሉ አሏት፤ አንዳንዴ ግን ድምፅ ይጎዳል፣ ይህንንም ማወቅ አለብሽ አሏት። ፀደንያ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ባሏን ከፊቷ አስቀመጠችው።

«ቢላዋ ሳያርፍብኝ መቁረብ እፈልጋለሁ» አለችው።

«እናያለን።»

«እናያለን ካልከኝ ስንት ዓመትህ?»

ባስልዮስ በጎቹን ሊያባርር ተነሥቶ ወጣ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ፈርቶ ነበር። ሚስቱን ስለማይወዳት አይደለም፤ ይወዳታል፤ የማያውቅ ጎረቤት የለም። የፈራው ራሱን ነው። ቆርቤ ደግሞ መካከል ላይ ብወጣስ ይላል። ሰው ፊት ከመቅለል እግዜር ፊት መቅለል ይብሳል ይላል። ደግሞም መውጫ ነበረው። የድሮ ጓደኛው ፍሬአብ አዲስ አበባ ላይ የሯጮች ማሠልጠኛ ከፍቶ «ቦታህ ክፍት ነው፤ የፈለግህ ቀን ና» ይለዋል። ባስልዮስ ከሚስቱ ጋር በተጋጨ ቁጥር «እኔ እንደሆነ አዲስ አበባ ሥራ አለኝ» ይላል። ሄዶ አያውቅም፤ ግን መኖሩን ማወቁ እንቅልፍ ይሰጠው ነበር።

በጾሙ አጋማሽ፣ ለደብረ ዘይት ዋዜማ ቅዳሜ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሩጫ ተዘጋጀ። ከዘመሮ ተነሥቶ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ተኪዶ መመለስ ነው። ሽልማቱ አንድ ሙክት በግ። በዐቢይ ጾም መካከል ሙክት መሸለም የአዘጋጆቹን ጭካኔ ያሳያል፤ ለፋሲካ ይደርሳል ሲሉ ግን ሁሉም ይቅር አላቸው። ሙክቱን የተቀበለው ገና ሳይሮጥ ባስልዮስ ነበር ማለት ይቻላል። የመሬት አስተዳደሩ አፈወርቅ ብቻ ትንሽ ይፎካከረው ይሆናል ተባለ፤ የቀሩት ቦርጫቸውን ለማንሸራሸር የወጡ ናቸው። ፀደንያ እንኳ፣ ከሐኪም ቤት ከመጣች ወዲህ ያልሳቀች ሴት፣ «በጉን የት እናስረዋለን? አጥር የለን» ብላ አሾፈችበት።

ሩጫው እንደታሰበው ጀመረ። ባስልዮስ ከፊት ወጣ። ቀየት ያለውን ምልክት ዞሮ ሲመለስ ከኋላው የቀረው አፈወርቅ ብቻ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ከሚገኘው የባሕር ዛፍ ተራ ሲደርሱ ባስልዮስ ከጀርባው የአፈወርቅን ትንፋሽ ሰማ። ትንፋሹ ጥሩ ነበር፤ የተረጋጋ፣ የያዘውን የማይለቅ። ባስልዮስ በዘመኑ ሁሉ ይጠብቀው የነበረው ትንፋሽ ነው፤ ይህን ሲሰማ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ቀኝ እጁን አነሣ፤ «እለፍ» አለ፤ ወደ ግራ ወጣና ቆመ። እያጨበጨበ አፈወርቅን ሸኘው።

አፈወርቅ ራሱ ዞር ዞር እያለ እያየ፣ እንደ ሌባ እየተሳቀቀ ነው የጨረሰው። ባስልዮስ የሠራውን ያወቀው እጁ ማጨብጨቡን ካቆመ በኋላ ነበር። መኪናውን በዓይኑ ፈለገ፤ መኪና የለም። ከባሕር ዛፉ ሥር የምታስተምራቸውን ሕፃናት ይዛ ልታጨበጭብለት የወጣችው ፀደንያ ግን ቆማለች። የሚሆነውን ሁሉ ከአጠገቡ አይታለች።

ያን ቀን ከተማው የሚያወራው አገኘ። አንዱ ጉልበቱ ከድቶት ነው አለ፤ ሌላው ከአፈወርቅ የመሬት ጉዳይ ይኖረዋል አለ። ፀደንያ ሹሮውን አቅርባ እስኪበላ ጠበቀችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ባስልዮስ፣ ከእኔም እንዲህ ነው የምትወጣው?» አለችው።

«ልማድ ነው እኮ። እግሬ ነው።»

«እግርህማ ነው። እኔም የጠየቅሁህ ስለ እግርህ ነው።»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ባስልዮስ ከልጅነቱ ጀምሮ የማይቀር ቅዳሴ አስቀዳሽ ነው፤ ማለትም እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ዲያቆኑ ያልተጠመቁት ይውጡ ብሎ ሲያውጅ፣ የተጠመቀው ባስልዮስ ከሌሎች ብጤዎቹ ጋር ቀስ ብሎ ወጥቶ የግቢው ጽድ ሥር ይቀመጣል። እዚያ ስለ ዝናብም ስለ ኳስም ይወራል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ተመልሰው ይገቡና ይሰናበታሉ። ያን እሑድ ግን ስብከቱ እስከ መጨረሻው ስለሚጸና ሰው ነበር፤ የዕለቱ ወንጌል ነው፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይነበባል። ባስልዮስ በየዓመቱ ሰምቶታል። ዘንድሮ ሰባኪው እሱን እያየ የተናገረ መሰለው፤ አጠገቡ የቆመውም ሰው እሱን ያየ መሰለው። ምናልባትም አይቶት ይሆናል፤ የበጉ ወሬ ትኩስ ነበርና።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ መልከ ጼዴቅ ሄደ። ቄሱ ለበልግ ገብስ ሊያርሱ የማረሻቸውን ድግር በመጥረቢያ ሲያስተካክሉ አገኛቸው። መስቀል ከተሳለመ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ስለ ፀደንያ፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ አሯሯጭነቱና ስለ ቅዳሜው ሩጫ። ቄሱ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙት። ሩጫ አይተው አያውቁም፤ ሰው ሳይላክ ለምን እንደሚሮጥም አይገባቸውም።

«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ማለት ከዚህ የት ድረስ ነው?» አሉት።

የሚያውቁትን አገር ጠርቶ ነገራቸው።

«ያን ሁሉ መንገድ ከሁሉ ፊት ሆነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ሳትፈራ?»

ባስልዮስ አሰበ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «አልፈራም። ቢከፋም የት ላይ እንደምወጣ አውቃለሁ። መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል። ያንን እያሰብኩ ነው የምሮጠው። መጨረስ ያለባቸው ሰዎች ግን ከሠላሳ በኋላ ነው ሩጫቸው የሚጀምረው ይላሉ። እኔ ያንን አላውቀውም። የማላውቀውን ቃል መግባት ፈራሁ።»

ቄሱ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «እኔስ የማውቀውን መሰለህ የገባሁት? ስቀስስ ልጅ ነበርኩ። ሚስቴም ልጅ ነበረች። የማላውቀውን ነው ቃል የገባሁት። ልጄ፣ ላንተ የሚከብድህ መንገዱ አይደለም። መኪናውን አሰናብተው።»

«የቱን መኪና?»

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ» አሉና ወደ ድግራቸው ተመለሱ። ከዚያም እንደ ቀልድ ቀኖናውን ሰጡት፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ በየቀኑ የሚሰግደው ስግደት፣ ሳያጓድል፣ ሳይጨምርም።

«ሳይጨምርም» ያሉት ሰውዬውን ስለሚያውቁት ሳይሆን አይቀርም። ባስልዮስ በዚያው ቀን ቤቱ ገብቶ የሳምንቱን ስግደት በአንድ ጊዜ ሰገደው። ለተማሪዎቹ በየዓመቱ «መጀመሪያ ላይ የሚፈነጥዝ መጨረሻ ላይ አይታይም» እያለ የሚያስተምር መምህር ነው። በማግስቱ ጭኑ ተያይዞ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ተማሪዎቹን ተቀምጦ አሠለጠናቸው። ጽናት «አባዬ፣ ንስሐ ነው ወይስ ስፖርት?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ በልኩ አደረገው። ፍጥነት መጠበቅ ሥራው ነበር፤ ለራሱ ሲሆን ብቻ ነው የረሳው። በየጠዋቱ የዕለቱን ሰግዶ ስለ ነገው ሳያስብ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ሳይታወቀው የሕማማት ሳምንት ደረሰ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ማራቶንም ቢሆን ማንም አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር በአንድ ጊዜ ሮጦት አያውቅም።

መኪናውን ያሰናበተው በስቅለት ዋዜማ ነው። ፀደንያ ባለችበት ስልኩን አንሥቶ ፍሬአብ ጋ ደወለ።

«ያንን ቦታ ለሌላ ሰው ስጠው» አለው።

«የቱን?»

«የኔን።»

ፍሬአብ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ምነው፣ ታመምክ?» አለ። ባስልዮስ ደህና መሆኑን ነግሮት፣ ስለ ቤተሰብ ጠይቆት ዘጋ። ፀደንያ ዕቃ ማጠቧን አላቋረጠችም። ዓይኗን ግን በክንዷ ስትጠርግ አያት።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ሌሊቱ ሳይለቅ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በሌላ በኩል ስለሚቆም ተያዩ እንጂ አልተነካኩም። ቅዳሴው ገፋ። የታወቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ዲያቆኑ አወጀ፤ ብጤዎቹ ቀስ ብለው መውጣት ጀመሩ። የባስልዮስ ግራ እግር ከወለሉ ተነሣ። ይህን ያየው የለም፤ እሱ ግን ተሰማው። እግሩ ለራሱ የሚያውቀው ትእዛዝ አለው፤ ትንፋሽ ሰምቶ የሚወጣው እሱ ነው። ባስልዮስ ምሰሶውን ያዘ። እግሩን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሴ ከውስጥ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም ነበርና እንደ እንግዳ ሰው አዳመጠው። ረጅም ነው። ጉልበቱ ያመው ጀመር። የሚቀጥለውን ጸሎት ብቻ እየጠበቀ ቆመ፤ ያ ሲያልቅ ደግሞ የሚቀጥለውን።

ቆረቡ።

ሲጨርስ ምን እንደሚደረግ አላወቀም። ሯጮች ሪባኑን በጥሰው ሲያበቁ የሚንበረከኩት፣ የሚያማትቡት፣ መሬት የሚሳለሙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሰው ከጨረሰ በኋላ የሚያደርገውን ያጣል። ዲያቆኑ ጸበል ሰጠው፤ ጠጣ። በር ላይ ፀደንያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ባስልዮስ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ። የበጉን ወሬ ሲያወሩ የከረሙት ሁሉ አዩት፤ ግድ አልሰጠውም።

የቆረበ ሰው ያን ቀን አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ሩቅ መንገድ አይጓዝም፣ አያልበውም። እሱና እሷ አፋቸውን ሸፍነው ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ። አፈወርቅ ከሙክቱ አንድ ወርች ከነጎድኑ ልኮላቸዋል፤ ያለመጨረስ ዋጋ መሆኑ ነው። የጎረቤት በጎች በአራተኛው ጎን ገብተው ጎመኑን ጋጡት። ባስልዮስ ተነሥቶ እንዳያባርር ሩጫ ክልክል ነው። ተቀምጦ አያቸው፤ ፀደንያም በነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ከሥራ በፊት አካፋና ካስማ ይዞ ወጣ። ወደ ደብረ ብርሃን በሄዱበት ዕለት አጥሩ በአራቱም ጎን ቆሞ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ፀደንያን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ሲሄዱ እጇን ይዞ አብሮ ሄደ። አንድ በር ላይ ሲደርሱ ነርሷ አቆመችው።

«ከዚህ በኋላ ቤተሰብ አይገባም» አለችው። «ብዙ ይቆያል። ውጣና ሻይ ጠጣ፤ ስትወጣ እንደውልልሃለን።»

ፀደንያ አንገቷን ማዞር አልቻለችም፤ ወደ ጣሪያው እያየች «ሂድ ግድ የለህም» አለችው። በሩ ተዘጋ።

ሰውየው ሕይወቱን ሙሉ የሚያውቀው ቦታ ይህ ነበር። ሌላው አልፎ ይሄዳል፣ እሱ ይቆማል፣ ሰው መጥቶ «ውጣና እረፍ» ይለዋል። ግቢው ውስጥ አስታማሚው ሁሉ የሚቀመጥበት ካፌ በመስኮት ይታያል። ባስልዮስ አልሄደም። ከበሩ ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ወንበር አምጥተው ሲሰጡት ተቀመጠ፤ ሌሎች አስታማሚዎች መጥተው ሄዱ። ስለሚቀጥለው ሰዓት አላሰበም። ፈርቶ ነበር፤ በፍርሃቱ ላይ ተቀምጦ ቆየ።

በሩ ሲከፈት አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኗ ተከድኖ ወጣች። ሐኪሙ በሰላም አልቋል አሉት፤ ድምፁን ግን ስትነቃ ነው የምናየው አሉ። ከአልጋው ጎን ጎን እየተራመደ እስከ ክፍሏ ሄደ። ብዙ ቆይታ ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም፤ ሻካራና ቀጭን ነበር፤ ቃሉ ግን ይሰማል።

«አለህ?»

«አለሁ» አላት።